ፎርጂድ ሸክላ ይፈለጋል

የጋሽ አጉሊ አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣቸዋል? የባትሪ ድንጋይ፣ ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይ እና አንድ ወዳጅ። ድንጋዩ ይገዛል፣ ሻዩም ይሞቃል። ወዳጁ ነው የማይተካው።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ማር ብታቀምሱት ስኳር ስኳር የሚለው፣ ደስታችሁን ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ። ጋሽ አጉሊ ግን ፎርጂድ የሚያድኑት በሸክላ ነው፤ ያውም በድሮ የጃዝ ሸክላ። ስሙ የወጣላቸው ከደረት ኪሳቸው ከማይለየው አጉሊ መነጽር ነው። ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ስለፈጁ ቀለም አያታልላቸውም።

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ስንት ቦታ ዞሮ ያገኘውን ሸክላ ሊያስመርቅ ጠራቸው። ሳክስፎኑ ገና ትንፋሽ ሳይወስድ ክቡርነታቸው ሽፋኑን አነሱ።

«ይሄ እጥፋት ይታይሃል?»

«አሮጌ ነዋ ጋሼ!»

«እስቲ ዳብሰው።»

ዳበሰው። ልሙጥ ነው። አጭበርባሪዎቹ ያረጀ ሽፋን ፎቶ አንስተው መጨማደዱን ሳይቀር አትመውታል።

«የታተመ እርጅና!» አሉ ጋሽ አጉሊ። ከዚያ ወዲህ ፀጉራቸውን የሚቆረጡት ሌላ ሰፈር ሄደው ነው።

ሴት ልጃቸው ስታገባም የጋብቻ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስተው ማኅተሙን ሲመረምሩ ሙሽራው ላብ በላብ ሆነ። የልጅ ልጃቸው ስትወለድ ደግሞ ጆሮዋን ገለጥ አድርገው አዩና «ኦርጅናል!» ብለው አጸደቁ።

ጣጣው የመጣው በዚህችው ኦርጅናል ነው። እናቷ መድኃኒት ቤት የከሰዓት ሥራ አገኘች። ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ በተስፋ ጫማ እስከ መግዛት ደርሳለች። ሕፃኗን አያት ይጠብቃሉ ተባለ። ሕፃኗ ግን ከሰዓት የምትተኛው አንድ ሸክላ ሲዞርላት ብቻ ነው። ቢጫ ግድግዳ ሥር ሳክስፎን የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበት፣ እናቷ ሽፋኑ አምሯት ከመንገድ ዳር የገዛችው። ከዳይፐሩና ከጡጦው ጋር እሱም ወደ አያት ቤት ገባ።

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ሕፃኗ እንዳሸለበች የአያት ጣት አላስቀምጥ አላቸው። ሽፋኑን ዳበሱ፤ ልሙጥ። ዘፈኑ አልቆ ባዶ የሚቀረውን የሸክላውን የመሃል ቀለበት በአጉሊው አዩ፤ ፋብሪካው የሚጭርበት ቁጥር የለም። በእሳቸው ቤት ደግሞ ፎርጂድ ከተገኘ፣ ሌላ ሰው እንዳይታለልበት ይሰበራል። ጉልበታቸው ላይ ደገፍ አድርገው ለሁለት ከፈሉት።

ጨካኝ አይደሉም። በማግስቱ የዚያኑ ሸክላ ኦርጅናል ከቁም ሳጥን አወጡላት፤ እንኳን ሊያጫውቱት፣ ሲያነሱት እንኳ ትንፋሻቸውን የሚይዙለትን። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሕፃኗ አዳመጠች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከዚያ እሪታዋን ለቀቀችው። አላባራ ስትላቸው ይዘዋት መድኃኒት ቤት ሄዱ። እናት ልጇን አዝላ ክኒን ስትቆጥር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አየቻት።

«እህቴ፣ እኔም ወልጃለሁ» አለቻት። «ግን መድኃኒትና ለቅሶ አንድ ላይ አይሆንም። እስከ ሰኞ መላ ፈልጊ።»

ልጃቸው አባቷ ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«አባዬ፣ ሸክላው የታለ?»

«ፎርጂድ ነበር።»

«የታለ አልኩህ?»

ስባሪውን አሳዩአት። «ከተጫረ ሸክላ የተቀዳ ነው እኮ! ጭረቱ አብሮ ተቀድቶ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እንዴት ያስችልሻል?»

ስባሪውን ከእጃቸው ወሰደች። «አባዬ፣ እሷኮ የምትተኛው በጠቅ ጠቁ ነው።»

ጋሽ አጉሊ አልተሸነፉም። ኦርጅናሉ እየዞረ ብርጭቆ በማንኪያ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጉ ጀመር። ሕፃኗ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ አያቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

«አወቀችብኝ!» ፊታቸው በራ። «እኔን ነው የወጣችው!»

«ደስ ይበልህ። እኔ ግን ሰኞ ሥራዬን ልለቅ ነው።»

የበራው ፊት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ሸክላ ሻጮችን እያዳረሱ ነው።

«ፎርጂድ አለህ?»

«ኧረ ጋሼ! ልጆቼን ይንሳኝ፣ እኔ ዘንድ ፎርጂድ ገብቶ አያውቅም!»

«የምሬን ነው፤ እፈልገዋለሁ።»

«አዎ፣ ለጉልበትዎ!» ይልና ሻጩ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይገፋል። እሳቸው ብቅ ሲሉ የከተማው ሸክላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኦርጅናል ይሆናል።

ትናንት ልጃቸው ስትመጣ ኦርጅናሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የስፌት መርፌ ይዘው አገኘቻቸው። ሊጭሩት ነው።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?» እጃቸውን ያዘች።

«መጫሩስ አላቃተኝም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሸክላው ሳይነቅሉ። «ታውቅብኛለች ብዬ ነው።»

ልጃቸው መርፌውን ወስዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እስከዚያች ሰዓት ይዛው የመጣችውን ንዴት ፈልጋ አጣችው። «በል ሰው እንጠይቅ» አለቻቸው።

እነሆ ጋሽ አጉሊ አንባቢን ይለምናሉ፤ «ያ ባለ ቢጫ ግድግዳ ሸክላ ቤታችሁ ካለ አጫውቱት። ጠቅ፣ ጠቅ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ኦርጅናሌን ውሰዱና እሱን ስጡኝ፤ ብቻ ከሰኞ በፊት ይሁን። ስትመጡ በሩን አታንኳኩ፣ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉት። ምናልባት ቀንቶን ተኝታ ይሆናል።»