የኒሺካንታ ካኩ ክሪክ

ጎማ የተነፈሰበት ሰው ባለበት ሁሉ «ቆይ!» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ለእኛ፣ ካልካታ ውስጥ ለምንኖር የባግባዛር ሰፈር ሰዎች፣ የተመደቡልን ክቡር ኒሺካንታ ነበሩ። የሰፈሩ ሁሉ አጎት ስለሆኑ «ካኩ» ነበር የምንላቸው።

ካኩ ከአባታቸው የወረሷት «አምባሳደር» የምትባል አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። እሷን ከመንዳት ይልቅ በክሪክ ማንሳት ይወዱ ነበር። ጎማ ሊቀይሩ ሲወጡ ግማሹ ሰፈር ሻዩን ይዞ ይከተላል። መጀመሪያ መሬቱን በጫማቸው ይረግጡታል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ መሬት የሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸዋል፣ ብሎኖቹ መኪናዋ ሳትነሳ ይላላሉ። ክሪኩ ዝገት የበላው የመኪናዋ ወለል ስር ከገባማ ጉድ ፈላ።

«አሮጊት ሆዷን አይነኳትም! ወገቧን ነው የሚይዟት!»

በጡብ ደግፎ ጎማ የሚቀይር ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። «ጡብ ሲሰበር አያስጠነቅቅም፣ ልጄ።» አንዴ ሙሽራ ሳይቀር ከመኪና አውርደዋል። «ሰው የተቀመጠበት መኪና አይነሳም። ትዳሩ የትም አይሄድብህም፣ ውረድ!»

የመሣሪያ አምላክ የቪሽዋካርማ በዓል ሲደርስ ደግሞ ክሪኩ ታጥቦ፣ የአበባ ጉንጉን ተደርጎለት፣ ጣዖቱ ፊት ያርፋል። የዚያን ቀን መሣሪያ አይነካም። መፍቻ ያነሳ ሰው ከካኩ ጋር ተቆራረጠ ማለት ነው።

እህቴን ሺያማሊን ምጥ የያዛት በዚሁ በዓል ቀን ነው። ባለታክሲዎቹ መኪናቸውን አበባ አልብሰው ሰማይ ላይ የወረቀት ካይት በክር እያበረሩ ነበር። የካኩን መኪና ለመንን፤ እሺ ብለው እህቴን ካስገባናት በኋላ የመኪናዋ የኋላ ጎማ ተንፍሶ አገኘነው። ሁላችንም ዞረን ክሪኩን አየን።

«ዳዳ፣ ወንድሜ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው!» አለች እናቴ።

ካኩ ጫማቸውን አውልቀው ጣዖቱ ፊት ቆሙ። «አባቴ፣ ቅጣቱ በእኔ ይሁን» ብለው አበባውን ከክሪኩ ላይ አነሱ። እኔ ነጥቄያቸው ወደ መኪናዋ ሮጥኩ።

«ቆይ!»

«ካኩ፣ ዛሬ እንኳን ይተዉን!»

«ዛሬማ በተለይ! እህትህ ትውረድ። ታኮ አምጣ!»

እህቴ ግድግዳ ተደግፋ እያቃሰተች፣ ሽማግሌው አንዷንም ነገር ሳይዘሉ አሠሩኝ። በሆዴ ስንቱን እርግማን እንዳወረድኩባቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ስኮርታ ጎማውን ልገጥም እጄን መኪናዋ ስር እንዳስገባሁ መኪናዋ ድንገት ተንሸራተተች። ታኮውን ገጭታ ቆመች። ጎማውን ገጥመን፣ እህቴን መልሰን አስገብተን በረርን።

ሺያማሊ ሴት ልጅ ወለደች። ለካኩ ልነግራቸው ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ስወርድ መኪናዋን ተደግፈው ቆመዋል። ምሥራቹን ሰሙና «ተመስገን» አሉ። ከዚያ እጆቼን ያዙ። ገልበጥ፣ መለስ እያደረጉ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሁሉም እንዳሉ ሲያረጋግጡ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

እኔም እንደ ባህላችን ጎንበስ ብዬ በአክብሮት እግራቸውን ነካሁ። ያን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ ያኔ ነው። አሁን ከሌሉ በኋላማ ብሶብኛል።