የኢልያስ ድድና የእትዬ ከድጃ ጣት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አዋቂ ሰው የሚታመመው አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ወባ። ራሱን ያመመው ወባ ነው፣ ወገቡን የያዘው ወባ ነው፣ ከሚስቱ ተኳርፎ እህል አልበላ ያለው ሳይቀር «ወባ ጀማምሮኛል» ብሎ ጋቢውን ይከናነባል። በዚህ ሙቀት ጋቢ የተከናነበን ሰው ደግሞ ማን ይጠራጠረዋል? ሕፃን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሕፃን የሚታመመው ጥርስ ነው። ካለቀሰ ጥርስ፣ ካስቀመጠው ጥርስ፣ አልተኛም ካለ ጥርስ፣ ከተኛም «ጥርሱ ትንሽ ፋታ ሰጠው» ይባላል። ይህን ድልድል ማን እንዳወጣው አላውቅም። ለትንኟ ግን የነገራት የለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የምትቀመጠው በተከራየሁበት ግቢ በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ የሚወራውን ሁሉ ሳልፈልግ እሰማለሁ። እሺ፣ ፈልጌም እሰማለሁ። የግቢው ባለቤት እትዬ ከድጃ ናቸው፤ ሰባት ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ስለ ሕፃን የሚያውቁትን ሳይሆን የማያውቁትን ብትጠይቋቸው የሚቆጡ ሴት። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሐያት የምትባል ልጅ እግር እናት ትኖራለች። ባሏ በአይሱዙ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። የበኩር ልጃቸው ኢልያስ ይባላል፤ የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻም የእሱ ድድ ነው።

ኢልያስ አራት ወር አለፍ ሲለው ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። እኔ ከተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ የሚታሰር የለሃጭ መቀበያ ሰፋሁለት፤ ከምሳ በፊት ራሰ። ሌላ ሰፋሁለት፤ እሱንም አረጠበው። ቀጥሎ ጡጫውን እስከ አንጓው መጉረስ፣ ጆሮውን ማሸት፣ ጡት ላይ ድዱን ማፋጨት መጣ። እናንተም ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ በሙሉ የልጁን አፍ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። የመጣ እንግዳ ከሰላምታ በፊት ከንፈሩን ገልጦ ያያል። እትዬ ከድጃ ደግሞ ማየት አይበቃቸውም፤ ጣታቸውን ከተው ይዳስሳሉ። አንድ ቀን በርበሬ ሲቀነጥሱ ውለው፣ በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው ያንኑ ጣት ከተቱት። ልጁ ሰማይ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። «አያችሁ? ድዱ ቆስሏል!» አሉ፣ በሙያቸው ረክተው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ ውኃው በየጉድጓዱ አቁሮ ትንኙ ሲበረታ፣ ኢልያስ አንድ ጠዋት እንደ ምጣድ ግሎ ተነሣ። ጡት አልይዝም አለ፤ የጠባትንም አስመለሳት። ከሰዓት በኋላ እንደማልቀስ ሲል ድምፁ የድመት ግልገል ድምፅ ሆነ። በነጋታው ማልቀሱንም ተወው። ያን ጊዜ እኔም መኪናዬን አቆምኩ፤ የሚያለቅስ ልጅ ያደክማል፣ ማልቀስ የተወ ልጅ ግን ያስፈራል።

እትዬ ከድጃ ዳሰሱት። «ጥርስ ነው። ይሄ ደግሞ መጥፎው ጥርስ ነው፤ ካልተነቀለ ይገድለዋል» ብለው ፈረዱ። ወደ ካራቆሬ ግድም ጥርስ የሚነቅሉ ሴትዮ አሉ፤ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ድዱን በስተው ያወጡታል። እትዬ ከድጃ ሰባቱንም ልጆቻቸውን እዚያው አስነቅለዋል። ሰባቱም በሕይወት ስላሉ ክርክር የለም። ባልየው በስልክ ተጠየቀ። የደብረ ሲናን ዳገት እየወጣ ስለነበር ድምፁ ይቆራረጣል። «እትዬ ያሉትን አድርጊ...» የምትለዋ ብቻ ጥርት ብላ መጣች።

እትዬ ከድጃ ነጠላቸውን ሊለብሱ ሲገቡ ሐያት ልጇን እንዳቀፈች ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ የእህቴን ልጅ እዚያው ወስደነው ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ደሙ አልቆም አለ። ይዘነው ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን።»

«ታዲያ እምቢ በያቸዋ!»

«እንዴት ብዬ ጋሼ? ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ በሌለችበት ገንፎዬን ያገነፉ፣ ገላዬን ያጠቡ እሳቸው። በምን አፌ?»

የእኛ አገር ሰው አንቱ ያለውን ሰው እምቢ ከሚል ገደል ቢገባ ይቀለዋል፤ እሷ ግን ገደሉ ውስጥ የምትጨምረው ልጇን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት እትዬ ከድጃን ጠላኋቸው። መናኸሪያ የሚያደርስ ባጃጅ ጥራ ተባልኩ፤ ሄጄ ጠራሁ።

ሐያት ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ቆመች።

«እትዬ፣ ለካ የካራቆሬዋ ሴትዮ ትኩሳት ያለበት ልጅ አይነቅሉም» አለች፣ የሰማችውን የምታስታውስ መስላ። «ትኩሳት ላይ ከተነቀለ ጥርሱ ጠምሞ ይበቅላል ብለው ይመልሳሉ አሉ። እርስዎ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።»

ዓይኗን አየሁት። ወላሂ አላለችም፤ ፈጥራ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በካራቆሬም በአጣዬም ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ከድጃ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዴት አላውቅም! እኔ ልነግርሽ ስል ነው የቀደምሽኝ። ጥንትም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደን ትኩሳቱን እናብርደው እንጂ!»

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ተረከዙን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም ወሰደች። ወባ ነበር፤ ያውም የከፋው ዓይነት። አንድ ቀን ብታሳድሩት ኖሮ አለች፤ ቀሪውን አልጨረሰችውም። ጥርስ ለሃጭ ያበዛል፣ ድድ ያሳብጣል፣ ልጅ ያነጫንጫል፣ ልጅን እንዲህ ግን አያነድም ብላ ነገረቻቸው። እትዬ ከድጃ የሚያውቁትን ነገር እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት። ኢልያስ እዚያው ተኝቶ ታከመ። በሳምንቱ ግቢያችን ውስጥ እንደገና እየጮኸ የለሃጭ መቀበያዬን ያበሰብስ ነበር። ጩኸት ደስ ሲለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ባልነገርኳችሁ ነበር። እትዬ ከድጃ ግን ያወቁትን ነገር ይዘው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ገበያ፣ ማሾ የሚለቀምበት ማሳ ድረስ፣ ልጇ ያተኮሰባት እናት ባዩ ቁጥር «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ! ትኩሳት ያለበት አይነቀልም፤ ጥርሱ ጠምሞ ይበቅላል» ይላሉ። ከእናታቸው እንደሰሙትም ይጨምራሉ። በቀደም ከካራቆሬ የመጣች ደንበኛዬ ቀሚስ እያስለካች ስታወራ፣ ጥርስ ነቃይዋ ሴትዮ ራሳቸው ያተኮሰ ልጅ ይዞ የመጣን ሰው ከደጅ እንደሚመልሱ ነገረችኝ። «ከአያቶቼ የወረስኩት ሕግ ነው» ይላሉ አሉ። ሥራቸው ግን ቀዝቅዟል። ትኩሳቱ ከበረደለት በኋላ ልጁን ይዞ ወደ እሳቸው የሚመለስ ሰው የለም፤ ለምን እንደሆነ እሳቸውም ገርሟቸዋል።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ኢልያስን እያጠባች ነበር። አልሳቀችም፤ የልጁን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች፣ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጠች።

«ጋሼ፣ ለእህቴ ያኔ ይህን ውሸት ብነግራት ኖሮ...» አለችኝ።