የቅዳሜው ምርመራ

የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት እቅድ አውጪ እድሪስ ትናንት ሌሊት ሕልም አየ። ምነው ባላየሁት ይላል እስካሁን።

በሕልሙ ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተው በሽተኞቹ ነጭ ገዋን ለብሰው ይጎበኟቸው ነበር። ሥጋ ቤት አንዲት በግ ሥጋ ሻጩን ሚዛን ላይ አቁማ፣ «ጮማ በዝቶብሃል፣ ቀንስ» ትለዋለች። ማንንም አልገረመውም። እድሪስ ቢሮው ሲገባ ወንበሩ ላይ የደም ግፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ያጣፋች ጨዋ ሴትዮ። ስኳርና ልብ ድካም ከጎኗ ሆነው ይመክራሉ።

«ግባ እድሪስ፣ የዓመቱን እቅድ እያወጣን ነው» አለችው።

«በሽታም ያቅዳል?»

«ታዲያ የሰው ቤት በግምት ይገባል እንዴ? ጨው የሚያበዛው ማን ነው፣ እረፍት ያጣውስ፣ ሴቶቹ መቼ የት ይውላሉ ብለን በየደጁ ጠይቀናል። አምና ያልሠራልንን ትተን የሠራልንን ይዘናል። እናንተስ?»

 የእድሪስ እቅድ የአምናው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦታል። ነጻ የግፊት ምርመራ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስታዲየም። ለተለካ ሁሉ ቲሸርት።

ወዲያው ስታዲየሙ መሀል ቆሞ ራሱን አገኘው። ፍየሎች ቲሸርቱን ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ነርሶቹ የሰው ክንድ አጥተው የፍየል እግር ይለካሉ።

«ሰዉ የት ሄደ?» አለ።

«ቅዳሜ አይደል? ገበያ ነዋ» አለች ግፊት፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ እየወጣች። «እኔም ወደዚያው ነኝ። በርበሬ ተራ ዘሀራ የምትባል ሴት አለችኝ።»

ዘሀራ ታላቅ እህቱ ናት። «ቅዳሜ እኮ አይመቸኝም እድሬ፣ ምናለ ገበያው ድረስ ብትመጡልን?» ብላው ነበር፤ ደጋግማ። እሱ ግን እቅዱ ጸድቋል ብሏት አለፈ።  አሁን ግፊትን ሊቀድማት ሮጠ፤ እግሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። «እታለም!» ብሎ ጮኸና ነቃ።

ነግቷል። የተቀመጠው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከፊቱ ዘሀራ ተኝታለች፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ አይታዘዝም። ትናንት ከበርበሬ ተራ በሰው ሸክም ነው የመጣችው።

ተረኛዋ ነርስ፣ «ከዚህ በፊት ግፊቷን ተለክታ ታውቃለች?» አለችው።

እድሪስ የዘሀራን ትራስ ማስተካከል ያዘ። ነርሷ ጎንበስ ብላ ዘሀራ የለበሰችውን ቲሸርት አነበበች፤ አምና ከስታዲየሙ ሲተርፍ እድሪስ ራሱ ያመጣላት ነው። «ግፊትዎን ዛሬውኑ ይለኩ» ይላል።

«እህ፣ ይሄማ ለተለካ ሰው ነው የሚሰጠው» አለችና፣ ተለክታለች ብላ ጻፈች።