በዝናብ የተመረጠው ኢንተርኔት

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ሐምሌ ነው፣ ቆርቆሮው ከእኔ በላይ ስለሚጮኽ ከሩቅ አትሰሙኝም።

ሰው ምርጫ ሲያጣ አንድ ችግር አለበት፤ ምርጫ ሲያገኝ ሁለት። ክልላችን ገና አዲስ ሳለ አሶሳ ላይ ስልክ መደወል የፈለገ ሰው ወረፋውን ይይዛል እንጂ «የቱን ልምረጥ» ብሎ አይጨነቅም ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ራሱ እንደ ሙሽራ ሽማግሌ ይልካል።

የልጅ ልጄ ሐዋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ አገኘች። ደንበኞች በጽሑፍ ለሚጠይቁት በዐረብኛም በአማርኛም መልስ መስጠት ነው። ታዲያ አንድ ወር ትሞከራለች። መስመሩ እየተቆራረጠ ካስቸገረ ወይ ሥራውን ትተዋለች፣ ወይ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ትገባለች። እንደማትተወው ዓይኗ ይናገራል። እናቷ ሱዳን ድንበር ላይ፣ ኩርሙክ ነው የምትነግደው፣ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። ሐዋ ከሄደች በዚህ ቤት ማን ሊስቅ ነው?

ሁለት የኢንተርኔት ድርጅቶች ወኪል ላኩ። ሁለቱም ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ሁለቱም «በጣም ፈጣን ነው እማማ» ባዮች። እኔ ግን ማንጎዬ ይጎመዝዛል ያለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

«አንቺ ምረጪ አያቴ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» አለች ሐዋ። ብልጥ ናት፤ ቢበላሽ የምትወቅሰው ሰው ማዘጋጀቷ ነው።

እኛ ልጅ ስንድር የምንጠይቀው ባልየውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። እኔም ሻሌን ጣል አድርጌ ወጣሁ። መጀመሪያ የአንደኛውን ድርጅት መስመር ወዳስገባው መምህር ጌታሁን ሄድኩ፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጨዋ ሰው ነው።

«ኢንተርኔትህ እንዴት ነው ልጄ?»

«ተመስገን ነው እማማ!»

ቀጥሎ የሌላኛውን ወዳስገባችው ወደ ዘሐራ ሄድኩ፤ ከወሎ መጥታ ከእኛ ጋር ያረጀች ጎረቤቴ ናት። «አልሐምዱሊላህ!» አለችኝ።

ሞኝነቴን አያችሁ? በእኛ ሰፈር ጣሪያው የሚያፈስበትም ሰው ሲጠየቅ አልሐምዱሊላህ ነው የሚለው። ያለውን ማማት ሰጪውን ማማት ይሆንበታላ! ደግ ልማድ ነው። ኢንተርኔት ለመምረጥ ግን አይረዳም።

ስመለስ ዝናቡ ወረደ፤ የአሶሳ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አያንጠባጥብም፣ ይደፋል። በዘሐራ አጥር ሥር የሰፈር ወጣቶች አንድ ላስቲክ ለአምስት ተከናንበው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ምን ትሠራላችሁ እዚህ?»

«ተጠልለን ነው እማማ።»

«በቀርከሃ አጥር? የመምህሩ ሰፊ በረንዳ እዚያ ባዶውን ቆሞ?»

እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው ሳቁን መቻል አቃተው። «እማማ፣ እዚያማ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው!»

ለካ የዘሐራ ልጅ የይለፍ ቃሉን ለሰፈሩ ሁሉ አድሎታል። ንብ አበባን አያመሰግንም፤ ይሰፍርበታል። እየበሰበሱ የቆሙለት ኢንተርኔት ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋል? በማግስቱ የዘሐራን ዓይነት አስገባን።

ወሩን ሙሉ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እኔ ዱዓ፣ ሐዋ ሥራ። ተቀጠረች።

የመምህሩም ቢሆን፣ ለካ ጥፋቱ ቤቱን የጋረደው ኮረብታ ኖሯል፤ ድርጅቱ ኮረብታው አናት ላይ የኔትወርክ ማማ ሲተክል የእሱም ቤት ተስተካከለለት። ዘሐራ የይለፍ ቃሏን ለወጠች፤ ወጣቶቹ ተደግፈው ያጎበጡት አጥሯም ተቃና። እነሱም ወደ እኔ በረንዳ ተሻገሩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱን ሐዋ ሥራዋን እያለማመደቻቸው ነው።

እሷማ አዲስ አበባ ብትሄድ በቀን አንዴ ትደውልልኝ ነበር። አሁን የቆርቆሮው ጩኸት እንዳይረብሻት በማዳመጫ ጆሮዋን ደፍና ክፍሏን ዘግታ ስለምትውል «ምሳ ብዪ» ለማለት በሯን እደበድባለሁ። ይሁን። የምደበድበው በር እቤቴ ነው።