ቁልፉ ሞጣ ነው

[ቢቸና። ግንቡ ያለቀ፣ ቆርቆሮ ግን ያልለበሰ የወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቆርቆሮ መቺው ዘመነና ረዳቱ የኔሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጠቁሯል።]

ዘመነ፦ በሩን አትደገፍ ብዬሃለሁ!

የኔሰው፦ ተቆልፎ የለም እንዴ ጋሽ ዘመነ? ቢደገፉት የት ይሄዳል?

ዘመነ፦ ጓጉንቸሩ ይላላል። ከዱባይ የመጣ ነው።

የኔሰው፦ ከዱባይ ድረስ ሳይላላ መጥቶ በእኔ ጀርባ ይላላል?

ዘመነ፦ ዝም ብለህ ተማር። የቆርቆሮ ሥራ የሚጓተተው በምንድን ነው?

የኔሰው፦ በዝናብ።

ዘመነ፦ በውሰት! የመርጡለ ማርያሙን ቤት ረሳኸው? አንዱ ጎረቤት መጥቶ «እፍኝ ምስማር» ይላል፤ አንዷ መጥታ «ለዶሮ ቤት የምትሆን አንዲት ቆርቆሮ» ትላለች። ስንሰጥ ስንሰጥ ጣራው በግማሽ ቀረ።

የኔሰው፦ የዶሮዎቹ ግን አለቀ።

ዘመነ፦ አየህ? ዘንድሮ ዕቃውን ሁሉ አስቀድሜ ገዛሁ። ቆርቆሮውን፣ ምስማሩን፣ መሰላሉን ሳይቀር አስገብቼ ቆለፍሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽንም «ጤፍዎን እዚሁ ያስገቡት፤ ከዚህ የሚሻል ጎተራ የለም» አልኋቸው።

የኔሰው፦ ቁልፉን ምነው ሞጣ ላኩት ታዲያ?

ዘመነ፦ ጭንቅላት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው! ቁልፉ ኪሴ እያለ ጎረቤትን እምቢ ማለት ነውር ነው። «የለኝም» ብል ደግሞ በጾም አፌ መዋሸቴ ነው። ስለዚህ ሞጣ ላለችው እህቴ ለወይንእሸት ላክሁላት። አሁን ታቦት ፊት ቢያቆሙኝም «ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም» እላለሁ።

የኔሰው፦ እኛ ስንፈልገውስ?

ዘመነ፦ ለእኛም የለም። እውነት ለማንም አያዳላም!

[ነጎድጓድ። ዘመነ ስልኩን ያነሣል።]

ዘመነ፦ ሃሎ! ወይንዬ! ሰጠሽው? ለመኪናው ረዳት? ታዲያ ለምን አልተነሣም? … ሰው እስኪሞላ? [ይዘጋል] ቁልፉ ገና ሞጣ መናኸሪያ ነው።

የኔሰው፦ ቁልፉ እንደ ተሳፋሪ አይቆጠርም?

ዘመነ፦ አትቀልድ! ያ ጤፍ ከራሰ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው? ያስገቡት እኮ በእኔ ምክር ነው!

የኔሰው፦ ሌባ ግን አይነካባቸውም።

ዘመነ፦ በየት በኩል! በሩ ብረት፣ መስኮቱ ብረት፣ ግድግዳው ግንብ!

የኔሰው፦ ዝናቡስ ቁልፍ አለው?

ዘመነ፦ [ወደ ሰማይ እያየ] የለውም።

የኔሰው፦ ታዲያ በየት ይገባል?

ዘመነ፦ በላይ ነዋ፣ አንተ ጅል!

የኔሰው፦ እሺ። እርስዎም ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው።

[ዝናቡ ይወርዳል። ዘመነ ተነሥቶ በሩን በትከሻው ይገጫል።]

የኔሰው፦ ኧረ ጋሽ ዘመነ፣ ጓጉንቸሩ ይላላል!

ዘመነ፦ ይላላ! ይሰበር! ምን ብዬ ነው ሴትዮዋን ዓይናቸውን የማየው? ጤፉ አለቀለት!

የኔሰው፦ ጤፉማ ደኅና ነው። ጠዋት ቆርቆሮ ደርድሬበታለሁ።

ዘመነ፦ ምን አልህ?

የኔሰው፦ እርስዎ እህትዎን በስልክ ሲቆጡ እኔ ገብቼ ሸፈንሁት። ጠብታ አይነካውም።

ዘመነ፦ በየት ገብተህ?

የኔሰው፦ በጣራው።

ዘመነ፦ ጣራ መች አለውና!

የኔሰው፦ ስለሌለው ነዋ የገባሁት። ከጓሮ ድንጋይ ላይ ቆሜ ተንጠላጠልሁ፤ ስወጣ በመሰላሉ ወጣሁ።

[ዘመነ በሩን ለቆ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ቀስ ብሎ ይዞራል።]

ዘመነ፦ መግቢያ እንዳለ እያወቅህ፣ ቆርቆሮውን አውጥተን ሥራ መጀመር ስንችል፣ እዚህ ተጎልተን ምን ስንጠብቅ ዋልን?

የኔሰው፦ እርስዎ ቁልፉን፤ እኔ እርስዎን።