ሚስተር ሆችኪስና እንደ ድንጋይ የጠጠረው ፍሬን

መኪናውን የሚያስሮጥለትን ዕቃ ሁሉ ገዝቶ የሚያቆምለትን የሚረሳ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኦሃዮዋ ትንሽ ከተማችን ይህን ማዕረግ የሰጠችው ለጎረቤቴ ለክቡር ሚስተር ቨርሊን ሆችኪስ ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ እንደወጡ የስልሳ ስድስት ሞዴል መኪናቸውን ሞተር ፈተው የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ፣ የእሽቅድምድም ካምሻፍት ገጠሙለት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቆማም ድግ ድግ እያለች ታጓራለች፤ የኔ ቤት ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ስማ! ስማማ! ሙዚቃ እኮ ነው!» ይሉኛል።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ካምሻፍት የተገጠመለት ሞተር ዝግ ብሎ ሲሠራ አየር የመሳብ አቅሙ ይደክማል። የፍሬኑ ሰርቮ ደግሞ እግርን የሚያግዘው በዚያው ስበት ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ሚስተር ሆችኪስ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ በሁለት እግራቸው መርገጥ ይጀምሩና ባንኩን አልፈው ይቆማሉ። መስቀለኛ መንገድ መሃል ከቆሙም፣ ሆን ብለው ያደረጉት ይመስል ግራና ቀኝ እጅ ይነሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ናዲን አብረዋቸው መሳፈር ትተዋል። «የማልኩት ‹ሞት እስኪለየን› ብዬ ነው፤ ሞትን ማፋጠን የኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ።

የሞተር ስበት መለኪያ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። «ሚስተር ሆችኪስ፣ ሞተሩ አየር አይስብም። ወይ ካምሻፍቱን ይቀይሩ፣ ወይ ለሰርቮው የራሱን መሳቢያ ፓምፕ ይግዙለት።»

«መለኪያህ ተበላሽቷል።»

«ትናንት ነው የገዛሁት!»

«እንግዲያው አታለውሃል። ልጄ፣ ፍሬን የፈሪ ነው!»

ይልቁንስ የፍሬኑን ዲስኮች በትልልቅ ቀየሩ፤ መያዣዎቹንም ቀይ ቀለም ቀቧቸው። አሁን የመኪናዋ አለመቆም ያምር ጀመር።

በመከር በዓሉ ሰልፍ ላይ ከትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞች ኋላ እንዲነዱ ተፈቀደላቸው። ማን እንደፈቀደ እስካሁን የሚናገር የለም። ቁልቁለቱ ላይ ሙዚቀኞቹ ቆሙ፤ ሚስተር ሆችኪስ አልቆሙም። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ መሪውን ጠመዘዙና ሴቶቹ የዱባ ኬክ የደረደሩበት ጠረጴዛ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም። ግን ትልቁን ጡሩምባ የተሸከመችው ልጅ ከመኪናዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተገትራ ሁላችንም አየናት። እሳቸውም መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ኬክ መሃል አዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። «ያ… ያልከው ፓምፕ» አሉ፣ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ። «ካምሻፍቱን ግን አልነካም!»

ቀኑን ሙሉ ጋራዣቸው ውስጥ ተጋድመን ገጠምነው። ለሙከራ ስንወጣ በልማዳቸው በሁለት እግር ረገጡ፤ መኪናዋ ባለችበት ቀጥ አለች፣ የኔም ግንባር ከፊት መስታወቱ ጋር ተሳሳመ። እብጠቱ ሳይጠፋ፣ ክቡርነታቸው ነዳጅ ማደያው ጋ ሰው ሰብስበው «ሞተር አየር ካልሳበ ሰርቮው በምን ይሥራ? ስንቴ ተናገርኩ፣ ማን ሰምቶኝ!» ሲሉ ደረስኩ።

ባለፈው እሁድ ከኋላቸው እየነዳሁ ነበር። ወይዘሮ ናዲን ጎናቸው ተቀምጠዋል። ሚስተር ሆችኪስ በየማዕዘኑ፣ የቁም ምልክት በሌለበት ሳይቀር፣ ቀስ አድርገው ያቆሙና ወደ ሚስታቸው ዞረው «አየሽ?» ይላሉ። «አየሁ፣ ቨርሊን። ሂድ በቃ» ይላሉ ወይዘሮዋ፣ እየሳቁ። ረፍዶብኛል፤ እጄን ክላክሱ ላይ አሳረፍኩ።

መልሼ አነሳሁት። ከፈለጉ እስኪመሽ ይቁሙ።