ለፍሪጅ ጥገና የተላኩ ሽማግሌዎች

ማመልከቻ ስትጽፉ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት? እኔስ አይደለሁም። በተፈጥሮዬ ጨዋታ አዋቂ ነኝ፤ እስክሪብቶ ስይዝ ግን አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ይዞ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምርልኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፤ እኔም የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ልማር አሰብኩ። አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ክቡር ሙያ ይመኛል? በግንቦት ሙቀት ፍሪጁ የቆመበት ሰው ለሐኪም የማያሳየውን አክብሮት ለጠጋኙ ያሳያል። ክፍያው ግን ከአባቴ አቅም በላይ ሆነ። አባቴ ወደ አሰላ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል። ኮሌጁ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ክፍያ እንደሚሸፍን ሰምቼ ማመልከቻ አስገባሁ። በሄድኩ ቁጥር የሬጅስትራር ሴትዮዋ «በሂደት ላይ ነው» ትለኛለች።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ለአባቴ ነገርኩት። የያዘውን ጎማ አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። ሰው እያለ ይህን የሚያህል ነገር በወረቀት ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው አለ።

በማግስቱ አባቴ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ኮሌጁ ደረሱ። ኦቦ ቶሎሳ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሐጂ ሰይድ ወሎዬው ባለሱቅ ጎረቤታችን ሲሆኑ አንደበታቸው ማር ነው። ጋሽ ተፈራ ደግሞ በሽምግልና ላይ ድርሻቸው «እውነት ነው» ማለት ነው። እኔ ከዲኑ ቢሮ መስኮት ሥር ቆሜያለሁ።

ዲኑ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። በእኛ አገር ሦስት አዛውንት ጋቢ ደርበው አንቀመጥም ካሉ ነገሩ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ዲኑ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው።

ሐጂ ጀመሩ፦ «ልጃችን ዓይኑን እናንተ ጋ ከጣለ ቆየ። እንቅልፍ አጣ።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

«ምንም የለው! ቢኖረው መች እዚህ እንመጣ ነበር? ወጪውንም እናንተው እንድትችሉለት ነው።»

ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እሷ ታውቃለች?» አሉ።

ሐጂ የሬጅስትራሯን ሴትዮ ያሉ መሰላቸው። «እሷማ ማመልከቻውን ከተቀበለችው ሰነበተች። መልስ ነፍጋው ነው እንጂ!»

ኦቦ ቶሎሳ ነገሩን ሊያለዝቡ ጣልቃ ገቡ፦ «ደግሞ አይስጉ፤ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ሰርተፍኬቱን ይዞ ይወጣልዎታል።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። «ልጄን?! ለሁለት ዓመት?!»

«የምን ልጅ አመጡብን? ፍሪጅ ነው እንጂ!» አሉ ሐጂ።

በቃ፣ ትምህርቴ ሳይጀመር ተቀበረ ብዬ ልሄድ ስል ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ዲኑ እንባቸውን እየጠረጉ አስጠሩኝ። ለምን ፍሪጅ መረጥክ አሉኝ። ያ ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰውዬ በደግነቱ አብሮኝ አልገባም ነበርና እንዳለ ተናገርኩ፦ እናቴ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የምትሸጥበት ፍሪጅ ከተበላሸ ወዲህ ልብስ ማስቀመጫ ሆኗል፤ እሷም ከፍታ ባየችው ቁጥር ትተክዛለች። ዲኑ ሳቃቸውን አቆሙ። ኮሚቴውን ዕለቱኑ ሰብስበው ክፍያዬ እንዲሸፈን አደረጉ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኦቦ ቶሎሳ በኦሮምኛ መረቁ፣ ሐጂ አሚን አሰኙ፣ ጋሽ ተፈራ የተለመደውን አሉ።

ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ ዲኑ ኮታቸውን እንደለበሱ አባቴ ጋ መጡ። ጎማ የፈነዳባቸው መስሎኝ ክሪኩን ይዤ ሮጥኩ። ለካ ለኮሌጁ ወርክሾፕ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መስመር ከአንድ መሥሪያ ቤት ለምነው ለምነው አልሆን ብሏቸው፣ ሽማግሌዎቹን ሊዋሱ ነው። አባቴ ቅር እያለው ነገራቸው፦ ረቡዕ ሻሸመኔ ነርስ መሆን ለምትፈልግ ልጅ፣ ሐሙስ አቦምሳ ልብስ ስፌት ለሚማር ልጅ ተይዘዋል፤ ወረፋ መጠበቅ ነው።

ዲኑ ሳያንገራግሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው አንድ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። ጎማው ደህና ነው፤ የመጣው ለልጁ ነው።